የጊታሩ ዝንብ

እትዬ ንክሻ ጆሯቸው ደክሟል ሲባል በደንብ ሰሙ። ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከመታጠቢያ ቤት ሲመለሱ የልጃቸውና የአማቻቸው መኝታ ቤት በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ ባልና ሚስቱ የሚያወሩት ደግሞ በሹክሹክታ ነው። «እማዬ እኮ አትሰማም፤» ትላለች ልጅ፣ «ዘንድሮ ስንቱ ጊታር ተመለሰባት? ሰው ሥራ ፈትቶ አይመልስም።» «ቀስ በይ፤» ይላል ባል። «ቀስ ብያለሁ። ብጮህስ መቼ ትሰማኛለች?» ከዚያ ዝርዝሩ ቀጠለ። የሆቴሉ ጊታር ተጫዋች ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቶ ባለ ቆርቆሮ ጊታሩን ይሞክራል። እሱም ፊቱን አጨፍግጎ ከወጣ ነገሩ ያኔ ያበቃል፤ ጊታር የሚጠገንበት የፊተኛው ክፍል ይለቀቅና የባልየው የጥርስ ሥራ ከጓሮ ወደ መንገድ ፊት ይወጣል። አናጢው ተነግሮታል፣ በዚያው ሰዓት መጥቶ ይለካል። መደርደሪያው በግራ፣ ወንበሩ በቀኝ፣ ግድግዳው ነጭ። እማዬ ደግሞ ከኋላ ፀሐይ የሚገባበት ቦታ ይዘጋጅላታል፣ አርፋ ትቀመጣለች። «ማን ይነግራታል?» አለ ባል። እትዬ ንክሻ የዚህን መልስ ለመስማት መተላለፊያው ላይ ትንሽ ቆዩ። ፎጣቸውን አስተካክለው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ቁርስ ላይ ሦስቱም ዳቦና ሻይ ከበው ተቀመጡ። ጆሮ የሌለው ሰው አብሯቸው ስላለ ሁሉም ነገር እየተጮኸ ተነገረ። «እማዬ፣ ስኳሩን» አለች ልጃቸው ወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደምትጣራ፤ ስኳሩ የነበረው ክርናቸው አጠገብ ነው። አማችየው እንደ ወትሮው ትንሽ ጎንበስ ብሎ አፋቸውን አየ። ሌላ ሰው አማቱን ሲያገኝ ፊቷን ያያል፤ እሱ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠሪ ስለሆነ መጀመሪያ የሚያየው ጥርስ ነው፣ ፊት ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። ባለፈው ዓመት ለአማቱ ከላይም ከታችም ሙሉ ጥርስ በገዛ እጁ ሠርቶ፣ ሞርዶና አብርቶ፣ የታችኛውን ከቀረቻቸው አንዲት የራሳቸው መንጋጋ ላይ በቀጭን ሽቦ አቆላልፎ ሰጥቷቸዋል፤ መጀመሪያ ፈገግ ያሉ ቀን ቤተሰቡ አጨብጭቧል። «ጥርሱ እንዴት ነው እማማ፣ አልቆረቆረዎትም?» አለ። «ኧረ የራሴ ነው የሚመስለኝ፣ እግዜር ይስጥዎት» አሉ። በየጠዋቱ የሚጠየቁት ይህንኑ ነው፣ የሚመልሱትም ይህንኑ ነው። አንቱታው በሠርጉ ቀን የተጀመረ ሲሆን እስካሁን ለማቆም የደፈረ የለም። መልሱም ውሸት አልነበረም፣ እውነትም አልነበረም፤ የአማት መልስ ነበር። ከዚያ በኋላ የተሰማው የዳቦ መቆራረስ ብቻ ነው። እትዬ ንክሻ ሻያቸውን ጨርሰው፣ «በሉ፣ እኔ ሥራ አለኝ» ብለው ተነሡ። ባልና ሚስቱ ተያዩ። ሲተያዩም ድምፅ የሚሰማ ይመስል ነበር።

የፊተኛው ክፍል መንገድ ዳር ነው። ሁለት ክንፍ ያለው የእንጨት በር፣ ቢወለወልም አቧራ የማይለቀው መስኮት፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ ሽቦ፣ ሽቦው ላይ በአንገታቸው የተንጠለጠሉ ጊታሮች። እንግዳ ሰው ሲገባ ሥጋ ቤት የገባ ይመስለዋል። ጠረጴዛው ላይ መጋዝ፣ ሞረድ፣ የሙጫ ቆርቆሮ፣ በጥርስ ሳሙና ክዳን ውስጥ የተጠራቀሙ ጥቃቅን ብሎኖች። እትዬ ንክሻ ቅጽል ስማቸውን ያገኙት እዚሁ ነው። ጊታር ውስጥ የላላ ብሎን ወይም የለቀቀ ሙጫ ሲንጫጫ ጆሮ «አለ» ይላል፤ የት እንዳለ ግን አይናገርም። እሳቸው ታዲያ የእርሳስ ርዝመት ያላት አንዲት ደረቅ እንጨት አለቻቸው፤ አንዱን ጫፍ ነክሰው በሌላው ጫፍ ጊታሩን እዚህም እዚያም እየነኩ ክሩን በጣታቸው መታ ያደርጋሉ። ድምፁ በእንጨቷ አልፎ አጥንታቸው ውስጥ ይገባል፤ ጥፋቱ ያለበት ቦታ ሲደርሱ ራስ ቅላቸው ያውቀዋል። ያቺን የማትፈለግ ዝዝታ «ዝንብ» ይሏታል። ሙዚቀኞቹም ለምደውታል፤ «እትዬ፣ ጊታሬ ውስጥ ዝንብ ገባች» እያሉ ነው የሚያመጡት።

ችግሩ፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ዝንብ የሌለበት ጊታር ጠፋ። የትኛውንም ቢነክሱ አለች። ብሎን ያጠብቃሉ፣ አለች። ሙጫ ይጨምራሉ፣ አለች። ከውስጥ ጨርቅ ይለጥፋሉ፣ አሁንም አለች። ዝንቧን እገድላለሁ ሲሉ የሚሞተው ጊታሩ ሆነ፤ ባለቤቱ ይወስደውና በሳምንቱ «እትዬ፣ ትራስ ውስጥ ሆኖ ነው እኮ የሚዘፍነው» ብሎ ይመልሰዋል። አንዱ እንዲያውም ከመጥበቁ ብዛት አንገቱ ተሰንጥቆ ተመልሷል። ይህን ሁሉ ልጃቸው ቆማ አይታለች፤ የደረሰችበት ፍርድ ግን ጆሮ ነው።

አሁን ጠረጴዛው ላይ የተጋደመው የባሰው ነው። ይህ ጊታር እንደ ሌላው እንጨት አይደለም፤ አካሉ ብረት ነው፣ ሆዱ ላይ ወንፊት የመሰለ ክብ ክዳን አለው፣ ከክዳኑ ሥር ደግሞ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ኮን የሚባል የአልሙኒየም ሾጣጣ ተደፍቷል። በኮኑ ጫፍ ላይ ብስኩት የምታክል ክብ እንጨት ተቀምጣ ክሮቹን ትሸከማለች። ክሩ ሲመታ እንጨቷ ኮኑን ታንቀጠቅጠዋለች፣ ኮኑም እንደ ድምፅ ማጉያ ይጮኻል፤ ጊታሩ በተሠራበት በድሮው ጊዜ መብራት በሌለበት አዳራሽ ውስጥ ከነሐስ መለከት ጋር ተጋፍቶ ይሰማ የነበረው በዚህ ነው። የሆቴሉ ሰውዬ ኮን አንድ ሠርግ ላይ ሚዜዋ ወንበር መስሏት ስትቀመጥበት እንደ ባርኔጣ ተጨፈለቀ። እንዲህ ያለ ዕቃ ደግሞ ሱቅ ገብተው የሚገዙት አይደለም። መጀመሪያ የሰውዬው የእህት ልጅ ከባሕር ማዶ በሻንጣ አመጣች፤ እትዬ ንክሻ ገጥመው ነከሱ፣ ዝንብ አለች፣ አወጡት። ቀጥሎ አሮጌ ዕቃ ነጋዴው ከአንድ ውራጅ ጊታር ሆድ ፈልቅቆ ሰጣቸው፤ አለች፣ አወጡት። በመጨረሻ አልሙኒየም በሚሽከረከር ቅርጽ ላይ እየተጫነ ድስት የሚያወጣውን ድስት ሠሪ ለምነው፣ የተጨፈለቀውን ኮን ልክ አሳይተው አሠሩ። አለች። መልሰው ሰጥተው ሌላ አሠሩ። የተጣሉት ኮኖች መስኮቱ ሥር ተደራርበው የሕፃን ባርኔጣ መሸጫ መስለዋል። ዛሬ ጠዋት የመጨረሻውን ገጥመው፣ በሩን ዘግተው፣ ክሩን መትተው ነከሱ። ዝንቧ እንደ ልቧ ትበራለች። እትዬ ንክሻ እንጨቷን ከአፋቸው አውጥተው አይዋት። ጆሮ የሌለኝ ብሆንማ ይቺን ባልሰማኋት ነበር፤ የኔ ጣጣ መስማት አብዝቼ ነው፣ አሉ በሆዳቸው። ጊታሩን ከነኮኑ በአንሶላ ጠቅልለው እንደ አራስ ታቅፈው ወጡ።

አውቶቡሱ ሞልቷል። መስኮት ዳር ቦታ አግኝተው ጥቅሉን ከጎናቸው ቢያስቀምጡት ረዳቱ ከሩቅ ጮኸ። «እማማ፣ ሕፃኑን ይቀፉት፣ ሰው ይቀመጥበት።» «ሕፃን አይደለም፣ ጊታር ነው።» «ጊታር በአንሶላ?» «ታሞ ነው። ዝንብ ገብታበት።» ረዳቱ ለአፍታ አሰበና፣ «ዝንቧም ወንበር ይዛ ከሆነ የሁለት ሰው ሒሳብ ነው» አለ፤ አውቶቡሱ ሳቀ። እትዬ ንክሻም ሊስቁ አፋቸውን ከፈት አድርገው መልሰው ከደኑት። ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ ግን ዘጠኝ ሰዓት እየመጣ ነው፣ ከዘጠኝ ሰዓት ጋር ደግሞ አናጢው ይመጣል። የሚያስቡት ስለ ክፍሉ ብቻ አልነበረም። ከጓሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው፣ ከፊት ለፊት የሰው ጥርስ ሲሞረድ እየሰሙ፣ «እማማ ምሳ በሉ?» እየተባሉ ስለሚውሉት ቀሪ ዕድሜ ነበር የሚያስቡት።

የድስት ሠሪዎቹ መንገድ ላይ ሰው በምልክት ነው የሚነጋገረው። ከግራም ከቀኝም ቆርቆሮ ይመታል፣ አልሙኒየም ይጮኻል፣ በየደጁ ክዳንና ድስት ተቆልሎ ፀሐይዋን ዓይን ውስጥ ይመልሳል። ድስት ሠሪው እትዬ ንክሻን ገና ከሩቅ ሲያይ ማሽኑን አጠፋና እጁን በሽርጡ ጠረገ፤ የደስታ አጠራረግ አልነበረም።

«ደግሞ መጡ?»

«መጣሁ ልጄ። ዝንቧ አለች።»

«እትዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ድስት ሠርቻለሁ፤ አንድ ሰው ድስትህ ይንጫጫል ብሎኝ አያውቅም።»

«ድስትህን ነክሶት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነዋ።»

ወንበር ሰጣቸው። የአልሙኒየም ዋጋ በየሳምንቱ እንደሚጨምር፣ ዝርግ ቆርቆሮው እንደ ድሮው እንዳልሆነ፣ ለሳቸው ብሎ እንጂ ለሌላ ሰው ይህን ያህል የሳሳ ነገር እንደማይሞክር ለረጅም ጊዜ አማረረ። እትዬ ንክሻ ሁሉንም «እውነትህን ነው» ብለው አሳለፉትና አንሶላውን ፈቱ። ክሩን መቱ፣ እንጨቷን ነከሱ፣ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ይኸው። ስማት።» «እኔ ምንም አልሰማሁም።» «በጆሮማ እኔም አልሰማኋትም፤ በጥርስ ነው።» ድስት ሠሪው ወደ እንጨቷ አየ። እንጨቷ የጥርስ ምልክት ሞልቷታል። ክብሩ ባይነካ ኖሮ አይሞክረውም ነበር፤ ግን በገዛ ደጁ፣ ጎረቤት እያየ፣ ሥራው ተነክሶ ወድቋል። ተቀብሎ በሽርጡ ጠረጋት፣ ይህም የባሰ አቆሸሻት፣ ነከሰ፣ ሌላውን ጫፍ ክዳኑ ላይ አሳረፈ። እትዬ ንክሻ ክሩን መቱለት። ሰውዬው ዓይኑን ፈጠጥ አደረገ። እንደገና እንዲመቱ በእጁ ጠየቃቸው። እንደገና። «እትዬ፣» አለ እንጨቷን አውጥቶ፣ ድምፁ ተለውጦ፣ «ይህን እኔ ነኝ የሠራሁት?»

«ዝንቧስ?»

«የምን ዝንብ? እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ዝንብ ምን ልትሠራ ትገባለች?»

«ጥርስህ አይሰማማ» አሉ። እሱም ከማዶ ሻይ የምታፈላዋን ሴትዮ ጠራት። ሴትዮዋ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ፣ ሥራዋ ስለማይጠብቃት፣ ነከሰች፣ ሰማች፣ «ማር ነው» አለችና ወደ ማንቆርቆሪያዋ ተመለሰች። ሁለት ሰው ማለት እንግዲህ ሁለት አፍ ማለት ነው። እትዬ ንክሻ እንጨቷን መልሰው ነከሱ፤ ዝንቧ አለች። የሰው አፍ ውስጥ ስትገባ የምትጠፋ፣ የሳቸው ውስጥ ስትገባ የምትመጣ ዝንብ። እንጨቷን አወጡ። ጊታሩንም ከጭናቸው አውርደው መሬት ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ምንም ሳይነኩ፣ ምንም ሳይዙ፣ አፋቸውን ዘግተው ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው «እምምም» አሉ። በቀኝ በኩል፣ ከታች፣ ሽቦዋ መንጋጋቸውን ባቀፈችበት ቦታ ላይ ዝንቧ ደስ ብሏት ዘፈነች።

ድስት ሠሪው እትዬ ታመሙ ብሎ ውኃ ሊያመጣ ተነሣ። እትዬ ንክሻ ፊታቸውን ወደ ድስቱ ክምር አዞሩ፤ በየድስቱ ሆድ ላይ የተጣመመ የገዛ ፊታቸው እያያቸው ጥርሱን ከላይም ከታችም አውልቀው በመሐረባቸው ጠቀለሉ። ከዚያ ዞረው ጊታሩን አነሡና እንጨቷን በዚያች ብቸኛ መንጋጋ ነከሱ። ክሩን መቱ። ድምፁ ገባ፤ ዙሪያውን የሚከተለው ነገር ሳይኖር፣ ሙሉውን፣ እስከ ግንባራቸው ድረስ። ደጋግመው መቱት፣ ከፍ ያለውን፣ ዝቅ ያለውን። ዓመቱን ሙሉ ያልሰሙት ንጹሕ ነገር ነበር። ዓመቱን ሙሉ ንጹሕ ጊታር ሲያሠቃዩ ከርመዋል፤ ብሎን ያጠበቁባቸው፣ ጨርቅ የለጠፉባቸው ሁሉ ምንም ጥፋት አልነበረባቸውም። ሊያለቅሱ ነው የመሰለው፣ ሳቁ። ሲስቁ ድስት ሠሪው ውኃውን ይዞ ደረሰ።

«ምን ተገኘ?»

«ዝንቧ።»

«የት?»

መሐረባቸውን አሳዩት። ሰውዬው ነገሩ ሲገባው ለመሳቅ ፈለገ፤ ከመሳቁ በፊት ግን የሚቀድም ጉዳይ ነበረው። «ታዲያ የኔ ሥራ?»

«ያንተ ሥራ ንጹሕ ነው። እኔ ነኝ የበደልኩህ።»

«ጎረቤት እየሰማ ይድገሙታል?»

እትዬ ንክሻ ጊታሩን ታቅፈው ደጁ ላይ ቆሙ። ጥርስ በሌለው አፍ፣ ቆርቆሮ በሚጮኽበት መንገድ ላይ፣ የዚህ ሰው ኮን አንድም እንከን የለበትም ብለው ተናገሩ። ማዶ ያሉት መዶሻቸውን አንሥተው አዳመጡ። ድስት ሠሪው እጆቹን ከኋላ አጣምሮ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚወራ ሁሉ፣ ወደ ሰማይ አየ።

ቤት ሲደርሱ ልጃቸው ሥራ ላይ ነበረች፣ አማችየው ጓሮ ሞረዱን እያስጮኸ ነው። በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ። ወንፊቱን ክዳን ፈትተው፣ ዝንቧን ፍለጋ እዚያ ውስጥ የወተፉትን ጨርቅ፣ የደራረቡትን የጎማ ቀለበት፣ ያፈሰሱትን ሙጫ ሁሉ ጠርገው አወጡ። ኮኑን በቦታው አሳርፈው፣ ብስኩቷን መሐል ላይ አስተካክለው፣ ብሎኖቹን ለመያዝ ያህል ብቻ አጠበቁ። እጃቸው የሚያውቀውን ሥራ ማንም ሳይከራከረው ከሠራ ቆይቶ ነበር። ጥርሱን መልሰው አላጠለቁም። ለአማቻቸው ስለሱ ምን እንደሚሉ ግን ገና አላወቁም። አማቿ በገዛ እጁ የሠራውን ስጦታ «ይንጫጫል» ብላ የምታውቅ አማት አልተወለደችም። እንደምትንጫጫ ባያውቁም፣ ሽቦዋ እንደላላች በመጀመሪያው ሳምንት አውቀዋል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ቢናገሩ ኖሮ ይህ ሁሉ ጊታር ባልታነቀ ነበር። እሱ በየጠዋቱ ጠየቀ፣ እሳቸው በየጠዋቱ አከበሩት። መከባበሩ ነው ጉድ ያፈላው።

ጊታር ተጫዋቹ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ለምሽቱ ሥራ ከአሁኑ ኮት የለበሰ ሰው ነው። «እትዬ፣ ዛሬ ማታ ያለ ጊታሬ መድረክ ላይ አልወጣም ብዬ ለአለቃዬ ተናግሬያለሁ» አለ ከሰላምታ በፊት። ልጃቸው ከሥራዋ ቀደም ብላ ወጥታ እግር በእግሩ ገባች፤ አማችየው ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ከጓሮ ብቅ አለ፤ ሁለቱም የመጡት ሐዘን ቤት እንደሚመጣ ሰው ነው፣ በቀስታና በሙሉ ዝግጅት። «እማዬ፣ ጥርስሽ የት ሄደ?» አለች ልጃቸው ጮክ ብላ። «አለ፣ እያረፈ ነው።» በዚህ መሐል አናጢው ሜትሩን ይዞ ደጁ ላይ ቆመ። «ለመለካት ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ተብዬ» አለ። ልጃቸው ደነገጠች። «አይ፣ እሱ ተሳስቶ ነው፣ ጎረቤት ነው የሚሄደው» አለች። እትዬ ንክሻ ክሩን እየቃኙ ቀና አላሉም። «አልተሳሳተም። መደርደሪያው በግራ፣ ወንበሩ በቀኝ፣ ግድግዳው ነጭ። ይቀመጥና ይጠብቅ፣ ጊታሩን ሰምቶ ይለካል።» አማችየው የጋዋኑን ቁልፍ ይቆጥር ጀመር።

ጊታር ተጫዋቹ ጊታሩን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አደረገና አንድ ክር ብቻ መታ። ድምፁ ብረቱ ውስጥ አንዴ ዞሮ በወንፊቱ ወጣ፤ የተንጠለጠሉት ጊታሮች ሁሉ ክራቸው ተንቀጠቀጠ። መጫወት ጀመረ። ስለዚህ ዓይነቱ ድምፅ ሰው የተለያየ ነገር ይላል፤ አናጢው ግን ሜትሩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሰውዬው ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ላይ ሲወጣ በመሐል አንዷን ድምፅ ሲነካ ዝዝ አለች። ቆመ። መልሶ ነካት። ዝዝ። ይህችን ሁሉም ሰማ፣ ልጃቸውም፣ አማችየውም፣ አናጢውም። የሰውዬው ፊት ጭፍግግ ማለት ጀመረ። ልጃቸው መሬት መሬት አየች። አናጢው እጁን ቀስ ብሎ ወደ ኪሱ ሰደደ።

«ያዘው፣ አትንቀሳቀስ» አሉ እትዬ ንክሻ። ከወንበራቸው ተነሥተው እንጨቷን በመንጋጋቸው ነከሱ፣ ፊቱ ቆመው ጎንበስ አሉ። «ያቺኑ ምታት።» መታት። ክዳኑን ነኩ፣ አለፉት። ኮኑ ያለበትን ነኩ፣ ንጹሕ ነው፣ አለፉት። የክሮቹ ማሰሪያ፣ አለፉት። አንገቱን ይዘው ሽቅብ ወጡ። ክፍሉ በሙሉ አንገቱን አስግጎ ተከተላቸው። ከጊታሩ ራስ ሲደርሱ ቆሙ፤ አንዷን መቃኛ ነኩ፣ ቀጥሎ ያለችውን ነኩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንጨቷን አውጥተው ሦስተኛዋን መቃኛ የምታዞረውን አሮጌ የፕላስቲክ እጀታ በሁለት ጣት ያዙ። «አሁን ምታ።» መታ። ዝም። ለቀቁ፣ ዝዝ። ያዙ፣ ዝም። «ከተሰነጠቀች ቆይታለች። እስከ ዛሬ የወተፍኩት ጨርቅ አፍኗት ነው» አሉ። እጀታዋን ጫን ሲሏት እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረች።

«እማዬ» አለች ልጃቸው፤ በመጀመሪያ ጊዜ ሳትጮህ። «ወይ።» «ሰማሽ እኮ።» «መች መስማት አቅቶኝ ያውቃል?» አሉና አማቻቸውን ተመለከቱ። «አንተ፣ ና እስቲ።»

አማችየው ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት ዞር ብሎ አየ። አንቱ ሳይሉ ጠርተውት አያውቁም። ሲቀርብ መሐረቡን መዳፉ ላይ አስቀመጡለት። «ሥራህ ጥሩ ነው። ሽቦዋ ግን ላልታ ዓመቱን ሙሉ መንጋጋዬ ላይ ስትዘምር ከረመች። ጊታር በነከስኩ ቁጥር የሰማሁት እሷን ነው።» አማችየው መሐረቡን ፈታ፣ ወደ ብርሃኑ አዙሮ ሽቦዋን በጥፍሩ መታ አደረገ። ነገሩን በአንድ ጊዜ አየው፤ በየቀኑ በሥራው የሚያየው ዓይነት ነገር ነው። ጆሮው ቀላ። «እንዴ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«ስጦታ ነዋ። አንተስ ጆሮዎ ደክሟል ብለህ ለምን አልነገርከኝም?»

«አማቴ ነዎታ።»

ጊታር ተጫዋቹ ጣልቃ ገባ። «ይቅርታ፣ የናንተን ጨርሱ፣ እኔ ግን ማታ ሥራ አለኝ። ይቺ እጀታ የት ትገኛለች?» «አትገኝም፤ የዛሬ ሰው አይሠራትም። ከውጭ ይታዘዝ ካልክ ወር ይፈጃል» አሉ እትዬ ንክሻ። አማችየው ጎንበስ ብሎ ፍርፋሪውን ለቀመና በጣቶቹ መሐል አሸው። ከዚያ የቀሩትን እጀታዎች አንድ በአንድ አየ፤ ያየው ዓይነት አስተያየት የታወቀ ነበር፣ ጥርስ ሲያይ የሚያየው ነው። «ይህን እኔ እሠራዋለሁ» አለ። «ከምን?» አለ ሰውዬው። «ከጥርስ። ማለቴ ጥርስ ከሚሠራበት። ዱቄቱና ፈሳሹ አለኝ፣ ሻይ እስኪጠጣ ይደርቃል።» «ነጭ ሊሆን ነው?» አማችየው ቅር አለው። «ነጭ የሚባል የለም፤ ጥርስ ስንት ዓይነት ቀለም እንዳለው ቢያውቁ።» የቀለም ናሙናውን ከጓሮ አምጥቶ እያንዳንዱን ከአሮጌዎቹ እጀታዎች ጋር አስጠግቶ አወዳደረ። አንዱ ልክ መጣ። «ይኸው። የአጫሽ ጥርስ፣ ሃያ ዓመት ያጨሰ።» ሰውዬው ጊታሩን አየና፣ «እውነትም ሳያጨስ አልቀረም» አለ።

ሻይ ተጠጣ። አናጢውም ጠጣ። አማችየው ሲመለስ በአንዱ እጁ እጀታዋን፣ በሌላው ጥርሱን ይዞ ነበር። ጥርሱን መጀመሪያ ለአማቱ ሰጠ። አጠለቁት፣ ነከስ ነከስ አደረጉት፣ አፋቸውን ዘግተው «እምምም» አሉ። ምንም የለም። ሌላው ሰው ይህን ምን እንደሆነ አልጠየቀም፤ አማችየው ግን ራሱ «እምምም» ሊልላቸው እስኪፈልግ ድረስ ጎንበስ ብሎ ጠበቀ። እጀታዋ ገብታ ጠበቀች። ሰውዬው ያቺኑ ድምፅ ነካት፣ ደገማት፣ ከዚያ ክፍሉ ጠበበውና እየተጫወተ ደጁ ላይ ወጥቶ ቆመ። ከየሱቁ ሰው ብቅ አለ። «እትዬ፣ ይሄ ጊታር ነው ድስት?» አለ ማዶ ያለው ባለ ሱቅ። «ሁለቱንም ነው። ድስቱን የሠራው ሰው አድራሻ አለኝ፣ ብትፈልግ» አሉ። መንገደኛ ቆመ፣ አንድ ታክሲ ፍጥነቱን ቀነሰ። ሰውዬው እየመታ ወደ ሆቴሉ መንገድ ጀመረ፤ የጊታሩን ሻንጣ ረስቶት ልጃቸው ሮጣ ሰጠችው።

አናጢው ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እኔ ታዲያ ምንም ሳልለካ ልሂድ?»

ልጃቸው እናቷን አየች። «ጠረጴዛ ለካ» አሉ እትዬ ንክሻ። «እዚህ መስኮቱ ሥር፣ ለአንድ ሰው የሚሆን። ጥርስ ብርሃን ይፈልጋል። ጊታሮቹ ካሉበት ንቅንቅ አይሉም፣ ግድግዳውም እንዳለ ነው። መስኮቱ ሥር የተደረደሩትን ኮኖች ደህና ቦታ አስቀምጡልኝ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው፣ ሥራ አለባቸው።» አናጢው ሜትሩን መዘዘ። አማችየው ይህን ሁሉ አልሰማም። አንገቱ ተሰንጥቆ የተመለሰውን ጊታር ከሽቦው ላይ አውርዶ፣ እንጨቷን ነክሶ፣ ጫፏን የጊታሩ ደረት ላይ አሳርፎ ክሩን ይመታል፤ ዓይኑ ፈጥጧል፣ ሚስቱ ስትጠራው ጣቱን አንሥቶ ጠብቂኝ አላት።

«ዝንብ አለች?» አሉት እትዬ ንክሻ።

ጭንቅላቱን በአዎንታ ነቀነቀ። እንጨቷን ከአፉ ሳያወጣ በጣቱ የአንገቱን ሥር አሳያቸው። ልክ ነበር። ከመንገዱ የባለ ቆርቆሮው ድምፅ እየራቀ ሲሄድ አሁንም ይሰማል። እትዬ ንክሻ እንጨቷን መልስ አላሉትም፤ ከጠረጴዛው ሥር ሌላ ደረቅ እንጨት ፈልገው፣ ቢላቸውን ከፍተው፣ ለራሳቸው አዲስ መቅረጽ ጀመሩ።